የቨርቹዋል ማሽን ኮድ ላይ የሜሞሪ ፓች ሲመጣ ከየት ነው መገምገም የምትጀምሩት?

ባዶ_ፖይንተር፦

ሰላም ለሁላችሁ። የኪሙን (ቨርቹዋል ማሽን የሚያስኬደውን ፕሮግራም) ኮድ መሠረት ያደረገ አንድ ክፍት ፕሮጀክት ላይ እሠራለሁ። ሰሞኑን ለአንድ የማከማቻ ዲቫይስ ሦስት ፓች (የኮድ ለውጥ) መጣና እንድገመግም ተጠየቅኩ። የመጀመሪያው ሜሞሪ የሚይዙና የሚለቁትን የድሮዎቹን ማሎክና ፍሪ አውጥቶ በጂሊብ ላይብረሪ ፈንክሽኖች ይተካል። ሁለተኛው የጌስቱን (በቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ የሚሠራውን ሲስተም) ጥያቄ ወደ ሆስት (ማሽኑን ወደሚያስኬደው ኮምፒውተር) ባፈር መቅዳቱን ትቶ የጌስቱን ሜሞሪ በቀጥታ ማፕ አድርጎ ያነባል፤ ምክንያቱ ፍጥነት ነው። ሦስተኛው ደግሞ እስከ ዛሬ ቋሚ የነበረውን የውስጥ ባፈር መጠን ጌስቱ በሬጂስተር (ለዲቫይሱ ቁጥር በሚጽፍበት ቦታ) እንዲመርጥ ያደርጋል።

ኮዱ ንጹህ ነው። ያለ ማስጠንቀቂያ ይገነባል፣ የስታይል ስክሪፕቱን ያልፋል፣ ጌስቱ ይነሳል፣ ዲስኩ ይጻፋል፣ ይነበባል። ግን «ገምግሜዋለሁ» ብዬ ስሜን ከሥሩ ለማስቀመጥ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ዲፉን (የተቀየሩትን መስመሮች ብቻ የሚያሳየውን ዝርዝር) ከላይ እስከ ታች ደጋግሜ አነበብኩት፤ እያንዳንዱ መስመር ልክ ይመስላል። ሜሞሪ ላይ ግን ልክ መምሰል ብዙም የሚነግረኝ ነገር የለም። እናንተ መጀመሪያ የምታዩት ምንድን ነው?

ገጽ4096፦

ዲፉን ለጊዜው ዝጋው። ሙሉ ፋይሉን ክፈትና የዲቫይሱን ስትራክት (ሁኔታውን የሚይዘውን የዳታ ጥቅል) ፈልግ። እዚያ ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች በሙሉ እይ፦ ርዝመት፣ ኢንዴክስ፣ ኦፍሴት፣ ቆጣሪ። ለእያንዳንዱ ይህን ጠይቅ፦ ይህን ቁጥር ማን ነው የሚወስነው? መልሱ ጌስቱ ከሆነ፣ ቁጥሩ ከጌስቱ እጅ ወጥቶ የኛ የሚሆነው የትኛው መስመር ላይ ነው? ያንን መስመር በጣትህ ማሳየት ካልቻልክ ግምገማው ገና አልተጀመረም።

ተራ ፕሮግራም ስትገመግም የተበላሸ ግብዓት አልፎ አልፎ የሚመጣ ነገር ነው። እዚህ ግን የጌስቱ ከርነል ሙሉ በሙሉ በጠላት እጅ ገብቷል ብለህ ነው የምትነሳው። ድራይቨሩ የዲቫይሱን ሰነድ ተከትሎ ይሠራል ብለህ አትገምት። ሬጂስተሮቹን በፈለገው ቅደም ተከተል ይጽፋል፣ ትእዛዝ ጀምሮ መሃል ላይ ይተወዋል፣ ከተጠየቀው በላይ ዳታ ይልካል፣ ሌላው ቪሲፒዩ (የጌስቱ ቨርቹዋል ፕሮሰሰር) ደግሞ በዚያው ሰዓት ሪሴት ያደርጋል።

ቬኖም የተባለውን የደህንነት ቀዳዳ ተመልከት። እ.ኤ.አ. በሜይ 2015 ነው ይፋ የሆነው፣ ሲቪኢ-2015-3456 (ሲቪኢ የደህንነት ቀዳዳዎች መለያ ቁጥር ነው)። የኪሙ የፍሎፒ ዲስክ ኮንትሮለር 512 ባይት ባፈር ነበረው፤ ጌስቱ ባይት በላከ ቁጥር ኢንዴክሱ አንድ ይጨምራል። ትእዛዙ ሲያልቅ ኢንዴክሱ ወደ ዜሮ ይመለሳል ተብሎ ታስቦ ነበር፣ ለአብዛኞቹ ትእዛዞችም ይመለሳል። በሁለት ትእዛዞች ላይ ግን ኢንዴክሱ ሳይመለስ ጌስቱ መጻፉን መቀጠል ይችል ነበር። ባፈሩን ጥሶ ያልፋል ማለት ነው። ኮዱ ከ2004 ጀምሮ እዚያው ነበር። ፍሎፒ ድራይቭ ያልተገጠመለት ቨርቹዋል ማሽን እንኳ አልዳነም፤ ኮንትሮለሩ ራሱ በነባሪ ስለሚኖር። ኮዱን ስለሚጋሩ ዜንና ቨርቹዋልቦክስም ተነኩ። በዚያ ባፈር ላይ የሚጽፈውን መስመር ለብቻው ብታየው ምንም እንከን አይገኝበትም። ችግሩ ያ መስመር የተማመነበት ነገር ሌላ ፈንክሽን ውስጥ መሆኑ ነው። ዲፍ ደግሞ ሌላውን ፈንክሽን አያሳይህም።

ሬጂስተር፦

በዚህ ላይ ልጨምር። ቼክ መኖሩን አይቶ ማለፍ በጣም ቀላል ነው። ቼኩ የት እንደቆመም እዩ።

በ2020 የወጣውን የዩኤስቢ ችግር፣ ሲቪኢ-2020-14364ን፣ ለአዲስ ገምጋሚ ሁሉ አሳያለሁ። የኪሙ ኮድ ርዝመቱን ጌስቱ ከላከው የሴትአፕ ፓኬት ያነብና በቀጥታ ስትራክቱ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ቀጥሎ ያ ርዝመት ከዳታ ባፈሩ፣ ከ4096 ባይት፣ ይበልጥ እንደሆነ ያያል። ከበለጠ ስህተት ብሎ ይመለሳል። ቼኩ እኮ አለ! ግን ስህተት ብሎ ሲመለስ ያ ትልቅ ቁጥር ስትራክቱ ውስጥ እንደተቀመጠ ነው። ቀጣዩ ፓኬት ሲመጣ ቁጥሩን አምኖ ከባፈሩ ውጪ ያነባል፣ ይጽፋል። ጥገናው ጥቂት መስመር ነው፦ መጀመሪያ ወደ ሎካል ቫሪያብል አንብብ፣ መርምር፣ ካለፈ ብቻ ወደ ስትራክቱ አስገባ።

ስለዚህ ስህተት ብሎ የሚመለስ መስመር ባየህ ቁጥር «አሁን ስትራክቱ ውስጥ ምን ቀረ?» በል። የዲቫይስ ኮድ እንደ ተራ ፈንክሽን ተመልሶ አያልቅም። ስህተቱ ካለፈ በኋላም ዲቫይሱ ይኖራል፣ ጌስቱም ተመልሶ ይመጣል።

ባዶ_ፖይንተር፦

እናንተ እንዳላችሁት ፋይሉን ከፍቼ ሦስተኛውን ፓች እንደገና አየሁት። ሬጂስተሩ ሲጻፍ አዲሱ መጠን ስትራክቱ ውስጥ ይገባል፣ የቆየው ባፈር ይለቀቃል፣ አዲስ ይያዛል። የላይኛው ገደብ የሚታየው ግን በኋላ፣ ትእዛዝ ሲጀምር ነው። ኢንዴክሱንም ማንም አይነካውም። ጌስቱ በትልቁ ባፈር ግማሽ ድረስ ጽፎ ከዚያ መጠኑን ቢያሳንሰው የቆየው ኢንዴክስ ከአዲሱ ባፈር ውጪ ያመለክታል ማለት ነው?

ሬጂስተር፦

አዎ፣ ልክ ነህ። ሌላም አለ። ትእዛዝ በመካሄድ ላይ እያለ መጠኑ ከተጻፈ በሥራ ላይ ያለውን ባፈር እየለቀቀው ነው። የዲስኩ ጥያቄ አሲንክሮነስ ከሆነ ሲጨርስ የሚጽፈው በተለቀቀ ሜሞሪ ላይ ይሆናል። ትእዛዝ እየሄደ ከሆነ ሬጂስተሩ መጻፍን ችላ ይበል፣ የጌስት ስህተት ብሎ ሎግ ያድርግ። ገደቡም እዚያው፣ ሬጂስተሩ ጋ ይታይ።

ባለ_ምልክት፦

ስለ ቁጥር ዓይነት ማንም አላነሳም፣ እኔ ላንሳው።

«ኦፍሴት ሲደመር ርዝመት ከመጠኑ ይበልጣል ወይ» የሚል ቼክ ካየህ ቁም። ሁለቱም 32 ቢት ከሆኑና ሁለቱንም ጌስቱ ከሰጣቸው ድምሩ ዞሮ ትንሽ ቁጥር ሊሆን ይችላል፣ ቼኩም በሰላም ያልፋል። መጀመሪያ ኦፍሴቱ ከመጠኑ እንደማይበልጥ ይታይ። ከዚያ ርዝመቱ፣ ከመጠኑ ላይ ኦፍሴቱ ተቀንሶ ከሚቀረው ጋር ይነጻጸር። እንዲህ ሲጻፍ የሚዞር ነገር የለም።

መቀነስም የራሱ ጣጣ አለው። የአርቲኤል8139 ኔትወርክ ካርድ ላይ በ2015 የወጣው፣ ሲቪኢ-2015-5165፣ ከአይፒ ፓኬቱ ጠቅላላ ርዝመት ላይ የሄደሩን ርዝመት ይቀንስ ነበር። ጠቅላላው ከሄደሩ ቢያንስስ? አልታየም። ውጤቱ የሚቀመጥበት ምልክት የሌለው 16 ቢት ስለሆነ ከዜሮ በታች ሲወርድ ወደ 65 ሺህ ይጠጋል። ከሆስቱ ሂፕ (ፕሮግራሙ በሥራ ላይ እያለ ሜሞሪ ከሚይዝበት ቦታ) ላይ ያለ ዳታ እንደ ኔትወርክ ፓኬት ተጠቅልሎ ለጌስቱ ይወጣ ነበር። ይህ ምንም ክራሽ አያመጣም። ማንም ሳያውቅ ዳታ ይፈስሳል፣ ፖይንተሮችም አብረው ይፈስሳሉ፤ ፖይንተር ያወቀ ደግሞ የአድራሻ መበተንን (አድራሻዎችን በዘፈቀደ የሚያስቀምጠውን መከላከያ) አለፈ ማለት ነው።

ማባዛትም አለ። የከርሰር ምስል ስፋትና ቁመት ተባዝቶ ሜሞሪ ሲያዝ የተገኘው ሲቪኢ-2021-4206 ነው። ጥገናው ቀጥተኛ ነበር፦ ከ512 በ512 የሚበልጥ ከርሰር አይፈቀድም። እንዲህ ዓይነት ጥገና ደስ ይለኛል። ጌስቱ ሊመርጥ የሚችለውን ቁጥር ትርጉም ባለው ገደብ ስትዘጋው ከዚያ በኋላ ያለው ሒሳብ በሙሉ ቀላል ይሆናል። ለሦስተኛው ፓችም ጸሐፊውን «ትልቁ የሚፈቀደው መጠን ስንት ነው፣ ለምን?» ብለህ ጠይቀው።

ሄክስ_ዳምፕ፦

እኔን ያስፈራኝ ሁለተኛው ፓች ነው። ከሦስቱ ትንሹ ይመስላል፣ ጣጣው ግን የሁሉም በላይ ነው።

መቅዳት ሲቀር የሚጠፋው ነገር አለ። ቅጂ ስትይዝ ያነበብከው ዋጋ ያንተ ነው፣ ማንም አይለውጠውም። ማፕ ስታደርግ ግን የምታነበው ሜሞሪ አሁንም በጌስቱ እጅ ነው። ሌላ ቪሲፒዩ በዚያችው ቅጽበት ሊጽፍበት ይችላል። ኮዱ ርዝመቱን አንድ ጊዜ ለቼክ፣ ሌላ ጊዜ ለመቅዳት ካነበበ በመሃል ቁጥሩ ይቀየራል። ቼኩ 64 አየ፣ ሜምኮፒው 6400 አየ። አለቀ።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ስጋት አይደለም። የኪውኤክስኤል ማሳያ ኮድ የከርሰሩን ስፋትና ቁመት ከጌስቱ ሜሞሪ ሁለት ጊዜ ያነብ ነበር፣ ሲቪኢ-2021-4207። በመጀመሪያው ንባብ ትንሽ ሜሞሪ ይያዛል፣ በሁለተኛው ብዙ ዳታ ይጻፍበታል። ዜን ደግሞ በ2015 መጨረሻ ባወጣው ኤክስኤስኤ-155 የደህንነት ማስታወቂያ ከዚህ የባሰ ነገር አሳይቷል። እዚያ ሶርስ ኮዱ ላይ አንድ ንባብ ብቻ የሚመስለውን ኮምፓይለሩ ወደ ሁለት ንባብ ሊቀይረው ይችል ነበር። ሎካል ቫሪያብል መጠቀምህ ብቻ አያድንህም፤ ንባቡ አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን ለኮምፓይለሩ ግልጽ ማድረግ አለብህ።

ከዚህ ሌላ የማፕ ፈንክሽኑ ራሱ ጠባይ አለው። የጠየቅከውን ርዝመት ሙሉ ላይሰጥህ ይችላል፤ ርዝመቱን የምትሰጠው በፖይንተር ነው፣ ሲመለስ አንሶ ሊመጣ ይችላል። ተመልሶ የመጣውን ርዝመት የማያይ ፓች ወዲያው ይመለስ። ነልም ሊመልስ ይችላል። ሜሞሪው ተራ ራም ካልሆነ በጊዜያዊ ባፈር በኩል ነው የሚያልፈው፣ ያም ውስን ነው፤ አንድ የስህተት መንገድ ላይ አንማፕ (ማፑን መልቀቅ) ከተረሳ ቀጣዮቹ ማፖች መክሸፍ ይጀምራሉ።

እና አንማፕ ላይ የምትሰጠው የመጨረሻ ቁጥር፣ በእውነት የተጻፈው ባይት ብዛት፣ ብዙ ገምጋሚ የሚያልፈው ነገር ነው። ዲቫይሱ የጻፈባቸው ገጾች እንደቆሸሹ (እንደተለወጡ) የሚመዘገቡት በዚያ ቁጥር ነው። ዜሮ ከሰጠህ ሁሉም ነገር በሰላም ይሠራል፣ ቴስቱም ያልፋል። ከዚያ አንድ ቀን ቨርቹዋል ማሽኑ እየሠራ ወደ ሌላ ሆስት ሲዛወር እነዚያ ገጾች እንደገና አይላኩም፤ ጌስቱ አዲሱ ሆስት ላይ አሮጌ ዳታ ይዞ ይነቃል። የፋይል ሲስተም ብልሽት ሆኖ ነው የሚታየው፣ ምንጩን መፈለግ ደግሞ አበሳ ነው።

ናኖሰከንድ፦

ሄክስ_ዳምፕ ያለውን ሁሉ እቀበላለሁ፣ ግን ሁለተኛው ፓች ይጣል ወደሚል እንዳይሄድ እሰጋለሁ። እኔ ፍጥነት ላይ ነው የምሠራው። ትልልቅ ብሎኮችን በእያንዳንዱ ጥያቄ መቅዳት እውነተኛ ወጪ ነው፣ ጸሐፊው ያለ ምክንያት አልጻፈውም።

መለየት ያለበት ነገር ቀላል ነው። ውሳኔ የሚወሰንበት ዳታና ዝም ብሎ የሚያልፍ ዳታ አንድ አይደሉም። የቨርታዮ (የቨርቹዋል ዲቫይሶች ስታንዳርድ) ዴስክሪፕተር፣ ባፈሩን የሚገልጸው፣ 16 ባይት ነው፦ 8 ባይት አድራሻ፣ 4 ባይት ርዝመት፣ 2 ባይት ፍላግ፣ 2 ባይት ቀጣይ። 16 ባይት መቅዳት ማንንም አያዘገይም። ስለዚህ ሄደሩን ወደ ሎካል ስትራክት ቅዳ፣ ቅጂውን መርምር፣ ከዚያ በኋላ ወደ ጌስቱ ሜሞሪ ለሄደር ተመልሰህ አትሂድ። ዲስኩ ላይ የሚጻፈው ብሎክ ግን ማፕ ተደርጎ ይሂድ፤ ጌስቱ መሃል ላይ ቢለውጠው የራሱን ዳታ ነው የሚያበላሸው፣ የኛ ኮድ በይዘቱ ላይ ምንም አይወስንም።

ሄክስ_ዳምፕ፦

ናኖሰከንድ ያልሽው ልክ ነው፣ እኔም የምጠይቀው ያንን ነው። አንድ ነገር ብቻ። ይዘቱ ላይ ቼክሰም የሚያሰላ ወይም የሚያመሰጥር ንብርብር ከሥር ካለ «ዝም ብሎ የሚያልፍ» የምንለው ዳታ ሁለቴ ይነበባል። ቼክሰሙ በአንድ ይዘት ይሰላል፣ የሚጻፈው ሌላ ይሆናል። ያ ሆስቱን አያስጠቃም፣ ግን ዳታው በኋላ ሲነበብ ቼክሰሙ አይገጥምም። ስለዚህ ገምጋሚው ዳታው ከዲቫይሱ ወጥቶ የት እንደሚሄድም ይከተል።

ባዶ_ፖይንተር፦

ሄደሩ አሁን በቀጥታ ከማፑ ነው የሚነበበው፣ ያውም ርዝመቱ ሦስት ቦታ ላይ። ይህንን እመልሰዋለሁ። የመጀመሪያው ፓችስ? እሱ ማሎክን በጂሊብ መተካት ብቻ ነው፣ ዓይኔን ጨፍኜ ላሳልፈው ነበር።

ገጽ4096፦

አትጨፍን። «ምንም አይቀይርም» የሚል የኮሚት መልእክት ያለው ፓች ነው ቀስ ተብሎ መነበብ ያለበት፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው በፍጥነት ነው የሚያልፈው።

በመጀመሪያ፣ ካሎክ የነበረው በምን ተተካ? ካሎክ ሜሞሪውን ዜሮ አድርጎ ይሰጥሃል። ጂ_ኒው አያደርግም፣ ጂ_ኒው0 ነው የሚያደርገው። አንድ ዜሮ የምታህል ልዩነት ናት፣ ዓይን ያልፋታል። ያ ባፈር በኋላ ለጌስቱ የሚመለስ ከሆነ የሆስቱን የቆየ ሂፕ ለጌስቱ እያሳየህ ነው።

ሁለተኛ፣ ጂ_ማሎክ ሲከሽፍ ነል አይመልስም፤ ፕሮሰሱን ይገድለዋል። ለትንሽ ስትራክት ይህ ተቀባይነት አለው። መጠኑን ጌስቱ የሚመርጠው ከሆነ ግን ጌስቱ ትልቅ ቁጥር ጽፎ ቨርቹዋል ማሽኑን በሙሉ ሊያወርድ ይችላል። የኪሙ የኮድ አጻጻፍ መመሪያም ለትልልቅ ይዞታ ጂ_ትራይ_ኒውን ተጠቅሞ ውጤቱን ማየት ይላል። እዚህ ላይ የመጀመሪያውና የሦስተኛው ፓች እንዴት እንደሚገናኙ አስተውል። መጠኑ ቋሚ እያለ የመጀመሪያው ፓች ጥፋት የለበትም። ሦስተኛው መጠኑን ለጌስቱ ሲሰጥ ያው መስመር ሳይነካ አደገኛ ሆነ። ፓቾቹን አንድ በአንድ ብቻ ካየሃቸው ይህን አታገኘውም።

ሦስተኛ፣ ጂ_አውቶፍሪ። እኔ እወደዋለሁ፣ በስህተት መንገዶች ላይ የሚረሳውን ፍሪ ያስቀራል። ግን ቫሪያብሉ ሲታወጅ ዋጋ ይሰጠው፤ አለበለዚያ ቀድሞ የሚመለስ መስመር ካለ የማይታወቅ አድራሻ ፍሪ ይደረጋል። ፖይንተሩ ወደ ስትራክት ከገባ ወይም ለሌላ ፈንክሽን ባለቤትነቱ ከተላለፈ ደግሞ ጂ_ስቲል_ፖይንተር መኖሩን እይ። ከሌለ ሁለት ባለቤት አለው፣ ሁለቴ ይለቀቃል።

በቁጥር ማባዛት ያለበት ጂ_ማሎክ ካለም ወደ ጂ_ኒው ይቀየር። ማባዛቱ ከገደብ ሲያልፍ ጂሊብ ራሱ ይይዘዋል።

አሰርት_ወዳጅ፦

አንድ ነገር አልገባኝም። ለምን ይህን ሁሉ እንጨነቃለን? ጌስቱ የሰጠው ቁጥር ከገደብ ሲያልፍ አሰርት (ካልተሟላ ፕሮግራሙን የሚያስቆም ቼክ) እናድርግና ይውደቅ። መውደቅ ከመጠቃት ይሻላል። ጌስቱ ራሱን ቢገድል የራሱ ጉዳይ ነው።

ሬጂስተር፦

ከመጠቃት መውደቅ ይሻላል፣ በዚህ እስማማለሁ። ግን ጌስቱ አንድ ሰው አይደለም። ውስጡ ብዙ ተጠቃሚ አለ። መብት የሌለው አንድ ፕሮሰስ በድራይቨሩ በኩል ያንን ቁጥር ማሳለፍ ከቻለ ያንን ማሽን የሚጋሩትን ሁሉ ያወርዳል። ጌስቱ ውስጥ ሌላ ጌስት ተደራርቦ ዲቫይሱ ለእሱ ተላልፎ ሲሰጥ ደግሞ የውስጠኛው የውጪውን ይገድላል። አሰርት ለኛ ኮድ ስህተት ነው፣ ፈጽሞ ሊሆን አይችልም ለምንለው። ጌስቱ ሊያደርገው ለሚችለው ሁሉ የስህተት መልስ ስጥ፣ በጌስት ስህተት ሎግ ላይ ጻፍ፣ ዲቫይሱን ወደ ስህተት ሁኔታ አስገባው፣ ቀጥል።

ሌላም ችግር አለው። አሰርት ያለበትን ኮድ ገምጋሚዎች እንደ ቼክ ይቆጥሩታል። ከዚያ አንዱ አሰርቶችን አጥፍቶ ይገነባል፣ ቼኩም አብሮ ይጠፋል። ኪሙ ያለ አሰርት እንዳይገነባ የሚከለክለው በዚህ ምክንያት ነው፣ ከሱ የተቀዱ ፕሮጀክቶች ሁሉ ግን ይህን ክልከላ ይዘውት አይቆዩም።

አሰርት_ወዳጅ፦

የተደራረበው ጌስት ነገር አሳመነኝ። እሺ።

ስደተኛ_ገጽ፦

ፍልሰትን (ማሽኑ እየሠራ ወደ ሌላ ሆስት መዛወሩን) ሄክስ_ዳምፕ በቆሸሹ ገጾች በኩል ነካው፣ ሌላም ጎን አለው። ሦስተኛው ፓች ስትራክቱ ላይ አዲስ መስክ ይጨምራል፣ አይደል? ያ መስክ ቪኤምስቴት (ማሽኑ ሲዛወር የሚላከው የዲቫይስ ሁኔታ ዝርዝር) ውስጥ ገብቷል? ካልገባ ማሽኑ ሲዛወር መጠኑ ወደ ነባሪው ይመለሳል፣ ኢንዴክሱ ግን የቆየው ነው። ከገባ ደግሞ ከፍልሰት ዥረቱ የሚመጣው ቁጥር ልክ እንደ ጌስት ቁጥር መመርመር አለበት። ብዙ ሰው ዥረቱ ከሌላ ኪሙ ስለሚመጣ ያምነዋል። በ2013 ቁጥር የተመዘገቡ በርካታ የኪሙ ሲቪኢዎች ከዚህ የመጡ ናቸው፤ የኔትወርክ ካርዱም፣ ሌሎቹም ዲቫይሶች ከዥረቱ ያነበቡትን ኢንዴክስ ሳያዩ ይጠቀሙበት ነበር። ዥረቱ ከተነበበ በኋላ የሚጠራውን የፖስት_ሎድ ፈንክሽን ፈልግ። መጠኑንና ኢንዴክሱን አንድ ላይ አይቶ የማይጣጣሙ ከሆነ ፍልሰቱን ውድቅ ማድረግ አለበት። ባፈሩንም በአዲሱ መጠን መያዝ ያለበት እሱ ነው።

ፈዘር፦

እስካሁን ስለ ማንበብ ነው የተወራው። ማስኬድም አለ። ጌስቱ ተነሳ፣ ዲስኩ ተነበበ የሚለው ምንም አያረጋግጥም፤ የሊኑክስ ድራይቨር ጨዋ ነው፣ ያልተለመደ ነገር አይልክም።

በአድሬስ ሳኒታይዘር (የሜሞሪ ስህተትን በሥራ ላይ የሚይዝ መሣሪያ) ገንባው። ከዚያ በኪውቴስት (በኪሙ የዲቫይስ መፈተሻ)፣ ያለ ምንም ጌስት ኦኤስ፣ ሬጂስተሮቹን በቀጥታ ጻፍ። ባዶ_ፖይንተር የጠረጠርከው እኮ አራት እርምጃ ነው፦ መጠኑን አሳድግ፣ ግማሽ ድረስ ጻፍ፣ መጠኑን አሳንስ፣ አንድ ባይት ጨምር። ሳኒታይዘሩ ወዲያው ይጮኻል። ያንን ቴስት ለጸሐፊው ላክለት፣ ከጥገናው ጋር አብሮ ይግባ። «ይመስለኛል» ከሚል አስተያየት ይልቅ የሚወድቅ ቴስት ክርክሩን ያሳጥራል። የኪሙ ፋዘርም (የዘፈቀደ ግብዓት የሚልክ መፈተሻ) ለማንኛውም ፒሲአይ ዲቫይስ ይሠራል፣ ለአንድ ሌሊት ተወው።

ግን አትታለል። ፋዘር የሁለት ጊዜ ንባብን እምብዛም አያገኝም፣ በሌላ ክር ላይ የሚጽፍ ጠላት ስለሌለው። ያልተመዘገበ የቆሸሸ ገጽንም አያይም። እነዚያ በዓይን ነው የሚገኙት።

ጥሪ_ተከታይ፦

ዲቫይሱ ዲኤምኤ ያደርጋል (በቀጥታ ወደ ሜሞሪ ይጽፋል፣ ያነባል)? ካደረገ ጌስቱ የመድረሻውን አድራሻ የዲቫይሱን የራሱን ሬጂስተሮች አድርጎ ሊሰጠው ይችላል። ዲቫይሱ ዳታ ሲጽፍ የራሱን የመጻፊያ ፈንክሽን ይጠራል፣ እሱም ሪሴት ያደርጋል፣ ሪሴቱ ባፈሩን ይለቃል፣ ከዚያ መጀመሪያ የጀመረው ፈንክሽን ተመልሶ በተለቀቀው ባፈር ይቀጥላል። የኢኤችሲአይ ዩኤስቢ ኮንትሮለር ላይ የተገኘው ሲቪኢ-2021-3750 ይኸው ነው። ኪሙ በ2023 ለዚህ አጠቃላይ መከላከያ ጨምሯል፤ አንድ ዲቫይስ በአይኦ ላይ እያለ ተመልሶ እንዳይጠራ ይከለክላል። የናንተ ቅጂ ከዚያ በፊት ተቀድቶ ከሆነ መከላከያው የላችሁም። ቀኑን አረጋግጥ።

ዝገት፦

ይህ ሁሉ በረስት ቋንቋ ቢጻፍ ግማሹ ይጠፋ ነበር ልላችሁ ነው። ፋየርክራከር የተባለው የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራም ከ2018 ጀምሮ በረስት ነው፣ ኪሙም ከ9.2 ወዲህ ለረስት የሙከራ ድጋፍ አለው። ሁለቴ መልቀቅ፣ ከተለቀቀ በኋላ መጠቀም፣ ከባፈር ውጪ መጻፍ፦ ኮምፓይለሩና የኢንዴክስ ቼኩ ይይዙታል።

ሄክስ_ዳምፕ፦

ግማሹ ይጠፋል፣ እውነት ነው፣ እኔም እደግፋለሁ። የጌስቱ ሜሞሪ ግን ለረስትም ቢሆን ሌላ ሰው የሚጽፍበት ሜሞሪ ነው። ሁለቴ ማንበብ እዚያም አለ፣ ያልተመዘገበ የቆሸሸ ገጽም አለ። ከኢንዴክስ ውጪ ሲወጣ ፓኒክ ያደርጋል፣ ያም ከላይ ያነሳነው የመውደቅ ጉዳይ ነው። አንሴፍ ብሎኮቹ (የኮምፓይለሩ ጥበቃ የሚላላባቸው) ደግሞ የሚሰበሰቡት በትክክል እዚህ ድንበር ላይ ነው። ገምጋሚው የሚያነበው ኮድ ያንሳል፣ የሚጠይቀው ጥያቄ ግን ያው ነው።

ገጽ4096፦

ስለ አጻጻፉም ልናገር፣ ብዙ ጊዜ ችላ የሚባል ስለሆነ። «ሪቪውድ ባይ» ኮዱን አንብቤ ልክ ነው ብዬ አምኛለሁ ማለት ነው። «አክድ ባይ» ሐሳቡን ተቀብያለሁ፣ በዝርዝር ግን ላላነብ እችላለሁ ነው። ፍልሰቱን ካላየህ «ከፍልሰቱ በስተቀር አይቼዋለሁ» ብለህ ጻፍ፤ የሚያውቀው ሰው ይሙላው። ምንም ያልጻፍክበትን ቦታ ሌሎች እንዳየኸው ይቆጥሩታል።

ሌላው ከባድ ነገር። ፓቹን ስትገመግም ከፓቹ በፊት የነበረ ቀዳዳ ካገኘህ፣ ማለትም አሁን በሰዎች ማሽን ላይ እየሠራ ያለ ኮድ ላይ፣ በአደባባይ አትጻፈው። ፕሮጀክቱ ለደህንነት ጉዳይ የሚቀበልበት ዝግ አድራሻ ይኖረዋል፣ እዚያ ላከው። አዲሱ ፓች ራሱ ያመጣው ችግር ከሆነ ግን ገና አልገባም፣ ምንም ሳትደብቅ በግልጽ ተወያዩበት።

ባዶ_ፖይንተር፦

አስተያየቶቹን ላክኩ። የኪውቴስቱን ቴስትም አያያዝኩ፣ ሳኒታይዘሩ እንደተባለው ጮኸ። ጸሐፊው በጥሩ መንፈስ ነው የተቀበለው፣ ሁለተኛ እትም አምጥቷል። መጠኑ ሬጂስተሩ ጋ ይታያል፣ ሄደሩ ይቀዳል፣ ፖስት_ሎድም ተጨምሯል፣ የመጀመሪያው ፓች ላይ ሁለት ቦታ ጂ_ኒው ወደ ጂ_ኒው0 ተቀይሯል። የዲኤምኤ መከላከያውም ቅጂያችን ውስጥ አለ። የቀረኝ የሪሴት መንገዱ ነው። ሪሴት ሲመጣ በመካሄድ ላይ ያለው ጥያቄ ይሰረዝና ባፈሩ ይለቀቃል። መሰረዙ ግን አሲንክሮነስ የሆነው ፈንክሽን ነው። ይህ ልክ ነው?

ሄክስ_ዳምፕ፦

አይደለም። አሲንክሮነሱ መሰረዣ «እንዲሰረዝ ጠይቄያለሁ» ብቻ ነው የሚለው፣ ሲመለስ ጥያቄው ገና በሕይወት ሊሆን ይችላል። ወይ የሚጠብቀውን መሰረዣ ተጠቀሙ፣ ወይ ባፈሩን መልቀቁ ወደ ማጠናቀቂያው ኮልባክ ይሂድ። አንማፑም እዚያው ይሁን፣ በተሰረዘ ጥያቄም ላይ እስከዚያ ድረስ የተጻፈውን ባይት ብዛት ይስጥ። ሦስተኛ እትም ሲመጣ ሊንኩን እዚህ አስቀምጥ፣ የሁለተኛውን ፓች የስህተት መንገዶች እኔ አነባቸዋለሁ።

ስደተኛ_ገጽ፦

ፖስት_ሎዱን እኔ ልየው።